የጋሽ ደምለው የቁም ተዝካር

ባለፈው ሳምንት ኔትወርክ ተለቀቀና ስልኬ ሲንጫጫ ዋለ። አርብ ገበያ በምትባለው ከተማችን በጦርነቱ ከዓለም ተቆርጠን እንዴት እንደከረምን የኖረበት ያውቀዋል። ከተከማቸው መልእክት መሐል አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ የላከችው ነበረበት፤ «ቲቸር፣ ያ የሚወዱት ደራሲ አረፉ» ይላል። ቀኑን ባየው አርባቸውም አልፏል። ጋሽ ደምለው ሞተው፣ ተቀብረው፣ አርባቸው አልፎ፣ እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ ምስር እለቅም ነበር።

በወጣትነቴ መጽሐፋቸው ከትራሴ ሥር አይጠፋም። ስንዱ የምትባል ልጃገረድ ካልወደደችው ባል አምልጣ ወደ ወገዳ ከተማ ስትጓዝ፣ መጽሐፉ ወንዝ ዳር ያደርሳትና ያልቃል። ተሻገረች አይል፣ ውሃ ወሰዳት አይል! ስንቴ በዚያች ልጅ ተብከንክኛለሁ። እኔም ከቤት ኮብልዬ መምህርት የሆንኩት በእሷ ድፍረት ነው።

ደራሲው የጋይንት ሰው ናቸው፤ ኑሯቸው ግን አዲስ አበባ ነበር። አንድ ታኅሣሥ፣ የአርብ ዕለት፣ ገበያ ላይ እህል ስገዛ ሻጪዋ «ደራሲው ደምለው መጥቶ ቤተ ልሔም ደብር ተዝካር ደግሷል፤ ነገ ነው» አለችኝ። የእናታቸው ይሆናል ብዬ ገመትኩ። የማን ነው ብሎ የሚጠይቅ ልብ የት አለኝ!

ጎህ ሲቀድ ከመንገደኞች ጋር ወጣሁ። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። በየአውድማው ገብስ ይወቃል፤ ገለባው ዓይን ውስጥ ይገባል። የገብስ ቆሎዬን እየቆረጠምኩ የምላቸውን አሰላስላለሁ፤ ስንዱን እንዲያሻግሩልኝ፣ ሁለተኛውን መጽሐፍ እንዲጽፉልኝ ልለምናቸው ነው። ከዚያ በላይ የምመኘው ነገር አልነበረኝም።

ዳሱ ጢም ብሎ ሞልቷል። ካህናቱ ከላይ ተቀምጠዋል፤ ጋቢ የለበሱ ከሲታ ሽማግሌ በር ላይ እንግዳ ይቀበላሉ። ፎቷቸውን ከመጽሐፉ ጀርባ አውቀዋለሁና እሳቸው መሆናቸውን ለየሁ። ጎንበስ ብዬ ጨበጥኳቸውና እንደ ወጉ፣

«እግዜር ያጥናዎት፤ ነፍሳቸውን ይማር» አልኩ።

«አሜን። የማንን?»

«የ... የእናትዎን?»

«እናቴማ ድሮ ነው የሞተችው። ዛሬ የኔ ነው ልጄ፤ የቁም።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። የቁም ተዝካር፣ ልጅ የሌለው ሰው «ስሞት ማን ያስበኛል» ብሎ በሕይወቱ ሳለ ለራሱ የሚያወጣው ነው። ወጉን አጥቼው አይደለም፤ ግን ለደራሲ! ያን ሁሉ ሰው በብዕሩ ለወለደ!

እሳቸው ሳቁ። ወስደው ከጎናቸው አስቀመጡኝ። እኔም አላስቻለኝም።

«ስንዱ ወገዳ ገባች?»

«አላውቅም። ያ ወንዝ ዳር ብዙ ዓመት ቁጭ ብዬ ጠበቅኋት፤ አልተሻገረችልኝም።»

«ይጻፉት እንጂ! ስንቶቻችን እየጠበቅን!»

«ተይኝ፣ አልቋል። ባዶ ነኝ።» ይህን ሲሉ ድምፃቸው ውስጥ ኀዘን እንኳ አልነበረበትም።

«አንባቢዎችዎ አለን አይደል እንዴ!»

«አንባቢ መንገደኛ ነው፤ በልቶ መርቆ ይሄዳል። አርባህን አያወጣም።»

ተናደድኩ፤ እንባዬም መጣ። ያ ሁሉ ፍቅሬ እንዲህ በቀላሉ ሲሸኝ! እሳቸው ግን ከምስሩ ወጥ ጠቅልለው አጎረሱኝ። «ብዪልኝ» አሉ፤ «ብዪልኝና ነፍስ ይማር በይልኝ። ጆሮ ሳለኝ ልስማው።»

ጉርሻውን ዋጥኩ። «ነፍስ ይማር» አልኩ በሲቃ።

«አሜን!» አሉ። ፊታቸው በራ። በዚያ ቀን ፊታቸው ላይ እውነተኛ ደስታ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

ስመለስ መንገዱን ሙሉ አለቀስኩ። ሌላ መጽሐፍ አልጻፉም። እኔም ዘመኔን ሁሉ «ምነው እንዲህ ተስፋ ቆረጡ» እያልኩ አዘንኩላቸው። እኔ ሞኝ!

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ባሌን ቀበርኩ፤ እግዜር ልጅ አልሰጠኝም። ያስተማርኳቸው የትም ተበትነዋል፤ ትምህርት ቤቱም ተዘግቷል። ትናንት የንስሐ አባቴን «አባ፣ የቁም ተዝካሬን ላውጣ» ብላቸው፣ «በየት መንገድ ሰው ሊመጣልሽ ልጄ? እስቲ ሰላም ይውረድ» አሉኝ። ሰላም እስኪወርድ ሞት ይታገሠኛል? ጋሽ ደምለው ብልጥ ነበሩ፤ መንገድ ሳለ፣ ሰው ሳለ፣ በጆሯቸው ሰምተው ሄዱ። ያኔ ባዘንኩላቸው ሰው ዛሬ ቀናሁ።

ዛሬ ምሳዬን ምስር ሠራሁ። የመጀመሪያዋን ጉርሻ አነሣሁና «ነፍስዎን ይማር፣ ጋሽ ደምለው» አልኩ። ትንሽ ጠበቅኩ። አሜን የሚል ስላልነበረ፣ አሜኑንም እኔው አልኩት።