ባንዲራው ያለበት ጫፍ

ደባርቅ ጂኦግራፊ ሳስተምር ስለ ራስ ዳሸን የማውቀው መጽሐፉ ላይ ያለውን አንድ አንቀጽ ብቻ ነበር። የዳባት ልጅ ነኝ፤ ተራራ ከሩቅ አይቼ የማልፍ ሰው ነኝ። ክፍል ውስጥ ግን ጉሙን፣ ውርጩንና ከፍታውን እዚያው ተወልጄ እንዳደግሁ አድርጌ እተነትነው ነበር። ምላስ አጥንት የላትም።

ወሬዬ ካድሬያችን ጆሮ ደረሰ። በደርግ ጊዜ እዚያ መድረስ ደግ ነገር አልነበረም። ለአብዮት በዓል ቀዩን ባንዲራ አገሪቱ ውስጥ ካለው ከፍተኛ ጫፍ ላይ እንተክላለን ብሎ ለበላይ ጽፎ ኖሮ፣ ጫፉን የማሳየቱ ሥራ ለእኔ ተሰጠ። «ጓድ መምህር፣ ብትሳሳት እኔም አላድንህ» አለኝ። እየሳቀ ነበር፤ እኔ ግን አልሳቅሁም። ከእኔ በፊት የነበረው መምህር ከዚህ ባነሰ ነገር ታስሯል።

መስከረም ሊጠባ ቢቃረብም ሰማዩ ገና ክረምት ላይ ነበር። እኔ፣ ካድሬውና አንዲት በቅሎ ቀናት ሙሉ በዝናብ ተጓዝን። ከተራራው ሥር ካለች መንደር አንድ ሽማግሌ ገበሬ መንገድ ሊመሩን ተቀላቀሉን። ካድሬው በከተማ ጫማው ይንሸራተታል። ከፍ ባልን ቁጥር ትንፋሹ አጠረ፤ መፈክሩም አብሮ አጠረ።

ጅብራ የሚሉት ያ ቀጥ ብሎ የሚቆም የደጋ ተክል ካለቀበት በላይ ድንጋይ ብቻ ነው። እዚያ ስንደርስ በረዶ ወረደብን። መጽሐፉ «አልፎ አልፎ በረዶ ይጥላል» ይላል፤ አልፎ አልፎው የእኛ ቀን ሆነ። ጉሙ ከመወፈሩ የተነሣ የበቅሎዋን ጭራ ይዞ የሚሄድ ሰው ጆሮዋን አያይም። ካድሬው አንድ የድንጋይ ክምር ላይ ዘጭ አለና «ይሄ አይደለም እንዴ ጫፉ?» አለ።

ጣቶቼ ደንዝዘዋል፤ ከትምህርት ቤት የያዝኩት ካርታ በስብሷል። «ነው» አልኩ። ሽማግሌው ሳል ሳል አደረጋቸው። ባንዲራውን ተከልን። ካድሬው አንዴ «ይውደም» አለና ምን እንደሚወድም ሳይናገር ቁልቁል ወረድን።

ወደ ማምሻው ከሽማግሌው ደጃፍ ደርሰን ወደ ኋላ ስንዞር ጉሙ ተገልጧል። ፀሐይ እየጠለቀች ነበር። ባንዲራችን ያለበት ጫፍ ጠቆረ። ከጎኑ ያለው ግን እንደቀላ ቆየ። የዚያ መንደር ሰው ሰዓት የለውም፤ ከብቱን ወደ በረት የሚያስገባው ያ ሁለተኛው ጫፍ ሲጠቁር ነው። ፀሐይ መጨረሻ የምትለቀው ከፍ ያለውን እንደሆነ እኔው ራሴ አስተምሬያለሁ። እንደ ጅብራ ተገትሬ ቀረሁ።

ካድሬውም ጫፎቹን አየ፤ እኔን አየ። ከዚያ ወደ ሽማግሌው ዞሮ «አባት፣ ትልቁ የትኛው ነው?» አላቸው።

ሽማግሌው ፊቴን ትንሽ ተመለከቱ። «ባንዲራው ያለበት ነዋ፣ ጌታዬ። ከእንግዲህ እሱን ማን ይበልጠዋል?»

ካድሬው ረክቶ ወደ ቤት ገባ። ብቻችንን ስንቀር ለምን እላይ ሳለን እንዳልነገሩኝ ጠየቅኋቸው። «ካርታ ይዘህ የለም እንዴ መምህር? ካርታ ለያዘ ሰው መንገድ ማሳየት ነውር መስሎኝ» አሉ። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ሰው ወድጄ አላውቅም።

በዚያው ዓመት ካድሬው ስለ ጫፉ አንድ ጥያቄ ፈተና ላይ እንዲገባ አዘዘ፤ ወረቀቶቹንም እሱ ራሱ ያገላብጣቸው ነበር። ተማሪው ሁሉ «ባንዲራው ያለበት» ብሎ ጻፈ። ደባርቅ ቤት ተከራይታ የምትማረው የሽማግሌው ልጅ ግን፣ «ከባንዲራው ጎን ያለው ነው፤ ከብት የምናስገባው እሱ ሲጠቁር ነው» ብላ ጻፈች። ከክፍሉ ትክክል የመለሰችው እሷ ብቻ ነበረች።

በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ አደረግሁባት። ፈርቼ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ወረቀቱን ስመልስላት አየችው። «መምህር፣ እኛ ደጃፍ ቆመው አላዩትም?» ብቻ አለችኝ።

«አይቼዋለሁ» አልኳት። ኤክሱን ግን አላጠፋሁትም።