የሣር ማጨጃውና መንጋጋ ቆልፍ

መጀመሪያ እንቢ ያለኝ ዳቦ ነው። ጠዋት ቁራሹን ሻይ ውስጥ ነክሬ ወደ አፌ ሳስጠጋ መንጋጋዬ አልከፈት አለ። አላመመኝም። በቃ፣ ዝገት እንደያዘው ማጠፊያ ደረቀ።

ጅቡቲ የኖረ ሰው መንጋጋው ሲደክም አይደነግጥም። ቀትር ላይ ጫቱ ከድሬዳዋ ሲደርስ ከተማው ሁሉ ሥራውን ያቆማል፤ እኔም ግቢዬ ውስጥ ብቻዬን ማሽኖቼ መሀል ተቀምጬ እቅማለሁ። ስለዚህ የጫት ነው አልኩ። መድኃኒቱንም ራሴ አዘዝኩ፤ በግራ ጉንጬ የምይዘውን ወደ ቀኝ አዞርኩት። ይህን የምታነቡ እናንተ መንጋጋችሁ እንዲህ ካደረጋችሁ ጉንጭ አትቀይሩ። ሐኪም ቤት ሂዱ።

ስሜ ሙሜ ነው። ድሬዳዋ ተወልጄ፣ በከባድ መኪና ረዳትነት መጥቼ፣ ካርቲየ 7 ቢስ የሚባለው ሰፈር የቀረሁ ሰው ነኝ። መካኒክነትን ማንም አላስተማረኝም፤ ፈረንሳይኛንም የተማርኩት ከሞተር ዕቃ ስም ነው። ሚስቴ ከሞተች ወዲህ ያረጁ የአትክልት ማሽኖችን እያነሳሁ ሕይወት እዘራባቸዋለሁ። ሣር በሌለበት ከተማ የሣር ማጨጃ የሚጠግን ከእኔ ሌላ የለም። ብቻዬን ስለሆንኩ አንደኛ ነኝ ማለቴ አይደለም፤ መቶ ቢኖሩም አንደኛ ነኝ። አልሸጣቸውም። የሚያጭዱትም ነገር የለም። ሲነሱ መስማት ይበቃኛል። ልጅ አልወለድንም፤ ቤቱ ውስጥ ሌላ ድምፅ የለም።

በፈረንጅ 2009፣ የሀብታሞቹ ሰፈር ሀራሙስ ውስጥ ቪላ የሚጠብቀው ደሳለኝ ደወለልኝ። «ጋሽ ሙሜ፣ የሚጣል ብረት አለ። ዛሬ ካልመጣህ ለቁራሌው ነው» አለኝ። ሄድኩ። ከጅቡቲ ነፃነት በፊት የተሠራ የፈረንሳይ ማጨጃ ነበር፤ ሞተሩ ደርቋል፣ ሆዱ ሥር የዓመታት አፈርና የፍየል በጠጥ ተጋግሯል። ደሳለኝ «ይሄን ካስነሳህ እኔ አጭድበታለሁ፣ ጢሜን!» ብሎ ሳቀብኝ።

የቢላዋው ብሎን አልፈታ ብሎኝ ስታገል መፍቻው ሾለከና መዳፌን ቢላዋው ላይ አሳረፍኩት። ጠባብ፣ ጥልቅ ቁስል ነበር። እንደ ልማዴ በቤንዚን አጠብኩት፤ ግራሶ ሞላሁበት፤ በጨርቅ አሰርኩት። በዚያ መንገድ ስንት ቁስል ድኖልኛል። ይህም ቶሎ ገጠመ። ኮራሁ።

ካርቡራተሩን አጽድቼ፣ የፒስተኑን ፋሻ ከሌላ ሞተር አምጥቼ፣ ካንዴላውን ቀይሬ ገመዱን ሳብኩት። ተነሳ! ወዲያው ከቆርቆሮው አጥር ማዶ ድብደባ ተጀመረ። ሐዋ ናት። ድሬዳዋ ያደገች ሶማሌ፣ ሳምቡሳ ጠብሳ የምትሸጥ ጎረቤቴ። ሞተር ባስነሳሁ ቁጥር በመጥበሻ ጭልፋዋ ቆርቆሮውን ትቀጠቅጣለች።

«አንተ ሽማግሌ! የማንን ሣር ልታጭድ ነው? የባሕሩን?»

«ጆሮ ላለው ሙዚቃ ነው!» እላታለሁ።

ለዓመታት ከሰው ጋር የማወራው ይኼንኑ ያህል ነበር።

ዳቦው እንቢ ያለኝ ከዚያ ከሳምንት በኋላ ነው። በማግሥቱ አንገቴ ደረቀ። ሻይ አልወርድ አለኝ። ሆዴ እንደ ጣውላ ጠጠረ። አልጋዬ ላይ ወጣሁ። መንገድ ላይ የጭነት መኪና ጥሩምባ ነፋ። ጀርባዬ ተለጠጠ። ተረከዜና ጭንቅላቴ ብቻ ፍራሹን ነኩ። ለቀቀኝ። እንደገና ያዘኝ። አእምሮዬ ንጹሕ ነበር። ሁሉን አውቃለሁ። መጮኽ ፈለግኩ። አፌ ተቆልፏል።

እዚያ እንደምሞት አወቅኩ። የሚመጣ ሰው አልነበረም።

ግን ሐዋ መጣች። «ሙሜ! ሞተሩ ምነው ዝም አለ? ሞትክ እንዴ አቦ?» እያለች በሩን ገፍታ ገባች። አየችኝ። ይህ በሽታ የፊትን ጡንቻ ይስባል፤ ጥርስ ይገለጣል፤ የሚስቅ ሰው ያስመስላል።

«እኔ ደንግጬ ስመጣ ትስቅብኛለህ?» ብላ በሩን በንዴት ወረወረችው። በድምፁ እንደገና ተለጠጥኩ። ያኔ እንባዬን አየች። «ወላሂ፣ ይሄ ሳቅ አይደለም» አለች። በሹክሹክታ ነበር ያለችው። ጎረቤት ጠርታ ታክሲ ውስጥ አስገባችኝ።

ድንገተኛ ክፍል ያየችኝ ወጣት ሐኪም ናት። በጥርሴ መሀል የምላስ መጫኛ እንጨት አሾልካ ጉሮሮዬን ነካች። ሌላ ሰው ያቅለሸልሸዋል። የእኔ መንጋጋ ግን እንጨቱን ነክሶ ያዘ። ይኸው ነው ምርመራው። ያለ መሣሪያ ብልሽት የሚያገኝ ሰው አከብራለሁ፤ ከእኔ ሌላ ብዙ አላየሁም።

«ቴታነስ ነው» አለች በፈረንሳይኛ። «ሙስዮ፣ እንደሚሰሙኝ አውቃለሁ። መድኃኒት እንሰጥዎታለን፤ ግን የገባው መርዝ እስኪለቅ መታገሥ ነው። የመተንፈሻ ጡንቻዎን ከያዘው አንገትዎን ከፍተን ቱቦ እናስገባለን።»

እኛ መንጋጋ ቆልፍ የምንለው ነው። መዳፌን ሲከፍቱት ጥቁር ግራሶ ወጣ።

«ማን ነው ይሄን የሞላው?» አለች ሐኪሟ።

«እሱ ራሱ ነዋ!» አለች ሐዋ። «ሐኪምም ነኝ ይላል።»

አንቲቶክሲን የሚሉትን የመርዝ ማርከሻ ወጉኝ። ሜትሮኒዳዞል፣ ጡንቻ የሚያላሉት ዳያዜፓምና ማግኒዥየም ሰልፌትም በደም ሥሬ ገቡ። ምግቤ በአፍንጫ ቱቦ ሆነ። ከዚያ ኮሪደሩ ጫፍ ያለች ጨለማ ክፍል አስገቡኝ። ድምፅ፣ ብርሃን፣ መነካት ተከለከለ፤ እያንዳንዱ ጡንቻዬን ይቀሰቅሳል።

ብቻዬን መሆን የማውቅ ይመስለኝ ነበር። አላውቅም ነበር። ግቢዬ ውስጥ ቢያንስ ሞተር አለ። እዚህ የራሴ ትንፋሽ ብቻ ነው። እሱም ሊቆም ይችላል። ትንፋሹ ሲያጥር ነርሷ ትመጣለች፤ አንገቴን መክፈት ያስፈልግ እንደሆነ ትመለከታለች፤ ትሄዳለች። እኔ በሐሳቤ ካርቡራተር እፈታለሁ። እፈታለሁ፣ አጥባለሁ፣ እገጥማለሁ። እንደገና እፈታለሁ።

በሩ ሲከፈት ይጮኽ ነበር። በጮኸ ቁጥር ያዘኝ። አስታማሚ ሆና የምትመጣው ሐዋ ብቻ ነበረች፤ ገና እንደገባች ስለጠጥ አይታ ደንግጣ ወጣች። በማግሥቱ በሩ ሲከፈት ምንም አልተሰማኝም። ዓይኔን ስገልጥ የሳምቡሳ ዘይት በጨርቅ ነክራ የበሩን ማጠፊያ እየቀባች ቆማለች። የምግብ ዘይት ለማጠፊያ አይሆንም፤ ሲቆይ እንደ ሙጫ ይሆንና አቧራ ይይዛል። ይህን ልነግራት ፈለግኩ። ማመስገንም ፈለግኩ። ሁለቱንም አልቻልኩም።

አንገቴን መክፈት አላስፈለገም። ደረቴ በረታ።

ከሳምንታት በኋላ መንጋጋዬ እየላላ መጣ፤ ሐኪሟ በየጠዋቱ ጣቷን በጥርሶቼ መሀል እያስገባች ትለካ ነበር፤ መጀመሪያ አንድ ጣት፣ ቆይቶም ሁለት ገባ፣ እኔም ቃል ማውጣት እንደቻልኩ ከማንም ሳይማሩ በሽታ ማሸነፍ እንዴት ያለ ነገር እንደሆነ ላጫውታት ጀመርኩ። በትዕግሥት ሰማችኝና የቁስሉን ነገር አስረዳችኝ። ተህዋሲው በአፈርና በእንስሳት እዳሪ ውስጥ ይኖራል፤ የሚራባውም አየር በሌለበት ነው። እኔ ደግሞ በግራሶ አየሩን ዘግቼለታለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ሞተር ያለ አየር አይነሳም እያልኩ ስምል ኖሬ፣ ያለ አየር የሚነሳውን በገዛ መዳፌ አስነሳሁት።

«ደግሞም» አለች፣ «አንዴ ታመው መዳንዎ ለሌላ ጊዜ አይከላከልልዎትም። ከዚህ ሁሉ ስቃይ ሰውነትዎ ምንም አልተማረም። ክትባቱን መከተብ አለብዎት።»

ራሱን ለሚያስተምር ሰው ከባድ ንግግር ነው። ክንዴን ሰጠኋት።

ቤቴ ስመለስ እግሮቼ አልቆም ስላሉ ያንኑ ማጨጃ ሞተሩን ሳላስነሳ እጀታውን ይዤ እየገፋሁ ግቢዬን እዞር ጀመር፤ ለመራመጃ እንደሱ የሚሆን ዕቃ የትኛውም ፋብሪካ እስካሁን አልሠራም። ደሳለኝ ሊጠይቀኝ መጥቶ አየኝና «ጋሽ ሙሜ፣ ሣሩ አለቀ እኮ!» ብሎ እየሳቀ ዓይኑን ጠረገ። ገመዱን ግን አልነካሁም። በሽታው ቢለቀኝም ድምፅ መፍራቱ አልለቀቀኝም ነበር፤ የድስት ክዳን ሲወድቅ እንኳ ሰውነቴ ግትር ይላል።

አንድ ቀን ከሰዓት ሳብኩት። ተነሳ። እጀታውን ጨብጬ ጡንቻዬ እስኪይዘኝ ጠበቅኩ። ምንም አልያዘኝም። ከዚያ የቆርቆሮውን ድብደባ ጠበቅኩ። እሱም የለም። ሞተሩን አጠፋሁት።

«ሐዋ! አልሰማሽም እንዴ?»

«ሰምቻለሁ» አለች ከማዶ።

«ታዲያ ምነው አትመቺም?»

«ያምህ እንደሆን ብዬ ነዋ፣ አንተ ደረቅ!»

«ምቺ እንጂ!»

አሁን ለእናንተ የምመክረው ይህን ነው። ከአፈርና ከብረት ጋር የምትውሉ ሁሉ ሳትቆስሉ ተከተቡ፤ ድገሙትም። ቁስላችሁን በንጹሕ ውኃና በሳሙና እጠቡ፤ ቤንዚኑን ለካንዴላ፣ ግራሶውን ለኩሽኔታ ተዉት። ጥልቅ ከሆነ ሐኪም ይየው። መንጋጋችሁ ከጠበቀ ምክንያት አትፈልጉለት፤ ሩጡ። ብቻችሁን የምትኖሩ ደግሞ ድምፃችሁ የሚያውከው አንድ ጎረቤት ይኑራችሁ። ጸጥ ስትሉ ቀድሞ የሚያውቀው እሱ ነው።

ሐኪሟን አመሰግናለሁ፤ ነርሶቹንም። ሐዋን በቃል አመስግኛት አላውቅም፤ አልችልበትም። በየቀኑ ሳምቡሳዋን መጥበስ ስትጀምር ማጨጃዬን አስነሳለሁ። ጭልፋዋ ቆርቆሮው ላይ እስኪያርፍ አላጠፋውም።