አክስቴ ያካፈለችው መርፌ

ይህ የሆነው ባለፈው ሐምሌ፣ መንጃ ፈቃድ ባወጣሁ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ነው። የማልረሳው ስለደነገጥኩ ብቻ አይደለም። አንድ ትልቅ ሰው ዓይኔን እያዩ “ዝም በይ” ሲሉኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ያልታዘዝኩበት ቀን ስለሆነ ነው። የታሪኩን ባለቤት አስፈቅጃለሁ። “ስሜን ቀይረሽ ጻፊው፣ ጉልበቴን ግን እንዳትረሺ” ብለውኛል። ስለዚህ እትዬ ዘሀራ ልበላቸው።

የምንኖረው ላስ ቬጋስ ነው። እኔን ያሳደገችኝ አክስቴ ሰሚራ ናት። አክስቴና እትዬ ዘሀራ ዘ ስትሪፕ በሚባለው የካዚኖዎች ጎዳና ላይ ባለ አንድ ሆቴል ክፍል ያጸዳሉ። ሁለቱም የደሴ ልጆች ናቸው፤ የዕረፍት (ኦፍ) ቀናቸው ካልገጠመ በስተቀር ተለያይተው አያውቁም።

አክስቴ ያን ዓመት የክብደት መቀነሻ መርፌ ጀምራ ነበር። ሐኪም ቤት ሄዳ አይደለም፣ በስልኳ ነው። ረጅም ጥያቄ ሞላች፣ ፎቶዋን ላከች፣ ከአንዲት ሐኪም ጋር በቪዲዮ ትንሽ አወራች፤ እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ አስተረጎምኩላት። ከዚያ መድኃኒቱ የበረዶ ከረጢት በያዘ ካርቶን በራችን ላይ መጣ። ልኩ ተሞልቶ የሚሸጠው እስክሪብቶ የሚመስለው ዓይነት አይደለም። ፋርማሲው ራሱ ቀምሞ በትንሽ ብልቃጥ የሚልከው ነው፤ ልኩን ራሷ በቀጭን ሲሪንጅ ትቀዳና በሳምንት አንዴ ሆዷ ላይ ትወጋለች።

ሐኪሟ በጣም በትንሽ ነው ያስጀመረቻት። ከዚያ በየወሩ ከፍ እያደረገችላት ሄደች። መጀመሪያ ላይ ያቅለሸልሻት ነበር፣ በኋላ ለመደችው። ልብሷ ሁሉ ሰፋ። የሥራ ጓደኞቿ “ሰሚራ፣ ምን በልተሽ ነው?” ሲሏት “አለመብላት ነዋ!” እያለች ትስቃለች። እውነቱን የሚያውቁት እትዬ ዘሀራ ብቻ ነበሩ።

እትዬ ዘሀራ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ጋሪ ሲገፉ፣ አልጋ ለማንጠፍ ሲያጎነብሱ ድምፅ ያሰማል። ሐኪም ክብደት ቀንሺ ብሏቸዋል። እሳቸውም በስልክ ሊጀምሩ ሞክረው ነበር። ምን በሽታ አለብሽ፣ ምን መድኃኒት ትወስጃለሽ፣ በቤተሰብሽ ማን ምን ታመመ እያለ ጥያቄው ሲበዛባቸው “ይሄ ደግሞ መርማሪ ነው እንዴ!” ብለው ዘጉት።

አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ቤታችን መጡ። እኔ ዕቃ እያጠብኩ ነበር። አክስቴ ማቀዝቀዣውን ከፍታ ከአዋዜው ጀርባ ብልቃጧን አወጣች።

“ነይ ዘሁ፣ ለብቻዬ ልቅጠን እንዴ?”

“ያማል?”

“ትንኝ ብትነድፍሽ ይብሳል።”

የራሷን ልክ ቀድታ ወጋቻቸው። የራሷን ልክ፣ ስንት ወር ለምዳ የደረሰችበትን። እኛ ቤት ማካፈል ማለት እኩል ማካፈል ነው። አክስቴ ከአንድ ዳቦ እንኳ ትልቁን ቁራሽ ለእንግዳ ነው የምትሰጠው። ለጓደኛዋ የጀማሪ ልክ፣ ከራሷ ያነሰ ብትሰጥ የሰሰተች ይመስላታል። ደግ ነገር የሠራች መስሏት ደስ ብሏት ነበር። እኔም እያየሁ ምንም አልመሰለኝም።

እትዬ ዘሀራ ሸሚዛቸውን እያስተካከሉ ወደ እኔ ዞሩ።

“አንቺ፣ ይቺ ነገር ከዚህ ኩሽና አትወጣም። ሙሄ ከሰማ ዕድሜ ልኩን ነው የሚሥቅብኝ።”

ጋሽ ሙሄ ባለቤታቸው ናቸው፤ ታክሲ ይነዳሉ፣ ቀልድ አይጠፋባቸውም።

“አልናገርም” አልኩ።

“ወላሂ በይ።”

“ወላሂ።”

ማክሰኞ የእትዬ ዘሀራ ኦፍ ቀን ነበር። ቦልደር ሲቲ የምትኖር አንዲት ሴት የድሮ የልብስ ስፌት መኪና በኢንተርኔት ለሽያጭ አውጥታ አይተው እኔ እንድወስዳቸው ለመኑኝ። እኔም የምነዳበት ሰበብ ስፈልግ ነበር! የአክስቴን መኪና ይዤ መጣሁላቸው። ሲገቡ ፊታቸው አመድ መስሏል።

“እትዬ ዘሀራ፣ ደህና ነዎት?”

“ደህና ነኝ። ጾም ስለሆንኩ ነው።”

ከረመዳን ያመለጣቸውን ጾም፣ ቀዷ የሚባለውን፣ እያወጡ ነው። በዚያ ሙቀት! የሄንደርሰንን ከተማ እስክናልፍ ድረስ መርፌዋን ሲያመሰግኑ ሄዱ።

“ምግብ የሚባል ነገር አስጠልታኛለች። ትናንትም አላሰኘኝም፣ ዛሬም አላሰኘኝም። ታዲያ ካልበላሁ አይቀር ለምን ቀዷዬን አላወጣም? እንዲህ የቀለለ ጾም አይቼ አላውቅም።”

“ውሃስ?”

“ኤሲ አለ አይደል? ምን ውሃ ያስፈልጋል?”

ትንሽ ቆይተው መስኮቱን ከፈቱ። ከዚያ “ዳር ያዢ” አሉኝ። መንገድ ዳር ፓርክ አደረግሁ፣ በሩን ከፍተው አስመለሱ። የሚወጣ ነገር እንኳ አልነበረም። ሌሊቱንም እንዲሁ ሲሆኑ እንዳደሩ ያን ጊዜ ነው የነገሩኝ። እንመለስ ብላቸው “ሴትዮዋ ለሌላ ትሸጥብኛለች፣ ንጂ” አሉ። ነዳሁ።

ሻጯ ነጭ ፀጉር ያላት፣ ቀጭን፣ ፈጣን አሮጊት ናት። የቤቷን የመኪና ማቆሚያ፣ ጋራዟን፣ ከፍታ ጠበቀችን። የስፌት መኪናው አንሶላ ለብሶ ጥግ ላይ ቆሟል። እትዬ ዘሀራ ፔዳሉን ሊያዩ ጎንበስ አሉ። ቀና አላሉም። ሴትዮዋ ከእኔ ቀድማ ባትይዛቸው ኖሮ ጭንቅላታቸው ሲሚንቶው ላይ ነበር የሚያርፈው።

መሬት ላይ አስተኛናቸው። ሴትዮዋ ፎጣ አርጥባ ግንባራቸው ላይ አደረገች፣ ውሃ አመጣች። እትዬ ዘሀራ በእጃቸው ገፉት።

“ጾም ነኝ።”

“እትዬ ዘሀራ፣ ለታመመ ሰው ተፈቅዷል፣ ይጠጡ በአላህ!”

“ማን ታመመ?” አሉኝ፣ ጋራዥ ወለል ላይ ተጋድመው።

ሴትዮዋ አምቡላንስ ጠራች። እየጠበቅን ሳለ “የሚወስዱት መድኃኒት አለ?” ብላ ጠየቀችኝ። አፌን ከመክፈቴ በፊት እትዬ ዘሀራ ክንዴን ያዙኝ። እጃቸው ይቀዘቅዛል።

“ጾም ነው በያት፣ በቃ። ሌላ እንዳትጨምሪ። ምለሽልኛል።”

“ጾም ላይ ናቸው” አልኩ።

አምቡላንሷ ሁለት የሕክምና ሠራተኞች ይዛ መጣች። አንዷ ወጣት ሴት ናት። የደም ግፊታቸውን ለካች፣ የእጃቸውን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጋ አየች። “ሙቀትና ጾም ነው ማለት ነው?” አለችኝ። “አዎ” ለማለት በጣም ቀላል ነበር። ጥያቄውን ራሷ መልሳልኛለች እኮ! ቀጥላ ግን “ሌላ ነገርስ? ክኒን፣ መርፌ፣ የባህል መድኃኒትም ቢሆን?” አለች።

እትዬ ዘሀራ ዓይናቸውን ከፍተው እያዩኝ ነው። ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል። ወላሂ ብያለሁ። ከዚያ እኚህ ሴትዮ እዚህ ቢሞቱ መሐላዬን ጠበቅኩ ብዬ ለማን ነው የምነግረው የሚል ሐሳብ መጣብኝ።

“እሁድ ዕለት የክብደት መቀነሻ መርፌ ተወግተዋል” አልኩ። “የራሳቸው አይደለም። የአክስቴ ነው። አክስቴ ወራት ወስዳበታለች፣ እሳቸው ግን የመጀመሪያቸው ነው። የተወጉት የአክስቴን ልክ ነው።”

እትዬ ዘሀራ እንግሊዝኛው ባይሆንላቸውም “ኢንጀክሽን” የምትለዋን ያውቋታል።

“ከዳሽኝ” አሉ።

“እሺ፣ ከዳሁዎት” አልኳቸው። እያለቀስኩ ነበር።

የአምቡላንሷ ልጅ ወዲያው ኮስተር አለች። የብልቃጡን ስም፣ ስንት እንደተቀዳ ጠየቀችኝ፤ የማውቀውን ነገርኳት። መድኃኒቱ ሰውነት ውስጥ ለብዙ ቀናት ስለሚቆይ ፈሳሽ ሰጥቶ ወደ ቤት መሸኘት እንደማይበቃ፣ ማስመለሱ ሊመለስ ስለሚችል ሆስፒታል ተኝተው መታየት እንዳለባቸው ገለጸችልኝ። ግሉኮስ ሰክታላቸው ይዘዋቸው ሄዱ።

እኔ የአክስቴን መኪና ላስነሳ ስል ቁልፉን ሁለት ጊዜ ጣልኩት። ሻጯ አየችኝና ቁልፉን ወሰደችብኝ። “አንቺ ዛሬ አትነጂም” ብላ በራሷ መኪና ሄንደርሰን ሆስፒታል ድረስ ወሰደችኝ። ስሜን እንኳ በመንገድ ላይ ነው የጠየቀችኝ። ሰው እስኪመጣልኝም አጠገቤ ተቀምጣ፣ የስፌት መኪናው የእናቷ እንደነበረ፣ ለእትዬ ዘሀራ ካልሆነ ለማንም እንደማትሸጠው አጫወተችኝ።

አክስቴ ከሺፍቷ በዩኒፎርሟ መጣች። ሐኪሙ ያላትን እኔ ተረጎምኩላት። መድኃኒቱ የሚታዘዘው ለአንድ ሰው ነው፣ ልኩም የዚያ ሰው ብቻ ነው፣ አንዱ የለመደው ለሌላው መርዝ ሊሆን ይችላል አላት። አክስቴ ጭንቅላቷን ይዛ “እኩል እኮ ነው የሰጠኋት! እኩል!” ትላለች። የገባት ያን ጊዜ ነው። እትዬ ዘሀራ አልጋቸው ላይ ሆነው “አብሽሪ ሰሚራ፣ አልሞትኩም” ይሏታል። ለእኔ ግን ፊታቸውን አዙረዋል።

ከዚያ ጋሽ ሙሄ ገቡ። ታክሲያቸውን የት እንዳቆሙት አላውቅም፣ በሩጫ ነው የገቡት።

“ምን ሆና ነው?”

አክስቴ ወለሉን አየች። እኔም ወለሉን አየሁ። ለሐኪም መንገሩ ግድ ነበር፤ ለባላቸው መንገር ግን የእኔ ሥራ አይደለም። ጥርሴን ነክሼ ዝም አልኩ። እትዬ ዘሀራም ዝምታዬን ያዩት ይመስለኛል።

“በመርፌ ልከሳ ፈልጌ ነው” አሉ ራሳቸው። “በል እንግዲህ ሣቅ።”

ጋሽ ሙሄ አልሣቁም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡና በብርድ ልብሱ ላይ እጃቸውን የሚስታቸው ጉልበት ላይ አደረጉ።

“ለዚህ ነው?”

“ለዚህ ነው።”

“ታዲያ ለእኔ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት? ሐኪም ቤት የማላደርስሽ ሰውዬ ነኝ? ከተማውን ሙሉ የማደርስ?”

ከዚያ ጋሽ ሙሄ ወደ አክስቴ ዞረው ቦርጫቸውን መታ መታ አደረጉ።

“ሰሚራ፣ መርፌዋ ለእኔ ሳትደርስ ነው ያለቀችው?”

መጀመሪያ የሣቁት እትዬ ዘሀራ ናቸው። ግሉኮሱ የተሰካበትን እጃቸውን እየያዙ ሣቁ።

ዳኑ። ከእኔ ጋር ግን ወዲያው አልታረቁም። ቤታችን ሲመጡ “ሰላም ነሽ?” ይሉኛል፣ ከዚያ በላይ የለም። ከፋኝ፤ ግን አልተጸጸትኩም። አክስቴ ለሐኪሟ የሆነውን በቪዲዮ ነገረቻት፣ ሐኪሟም ክፉኛ ተቆጣቻት። አሁንም መርፌዋን ትወስዳለች፤ ለብቻዋ ነው የምትቀጥነው።

ትምህርት ከተከፈተ በኋላ አንድ ቀን ስልኬ ጠራ። እትዬ ዘሀራ ነበሩ።

“ሐሙስ ሐኪም ቤት ቀጠሮ አለኝ። ጉልበቴንም ክብደቴንም ሊያዩልኝ ነው። አንቺ ነሽ የምታስተረጉሚልኝ።”

“አክስቴ ብትመጣ አይሻልም?” አልኳቸው፤ እንደተቀየሙኝ ስለማውቅ ነው።

“ሰሚራማ ታሳምርልኛለች። አንቺ ነሽ ያለውን የምትናገሪ።”

ሄድን። ሐኪሙ ከዚህ በፊት የክብደት መቀነሻ መድኃኒት ወስደው እንደሆነ ጠየቀ። እኔ እትዬ ዘሀራን አየኋቸው።

“ምን ታዪኛለሽ? ንገሪው እንጂ!” አሉኝ።

ሁሉንም ነገርኩት። ጾሙንም፣ ጋራዡንም ሳልተው። እትዬ ዘሀራ በየመሐሉ “ጉልበቴን ንገሪው፣ ጉልበቴን” ይሉ ነበር። ያን ቀን ወደ ቤት ስነዳ የተሰማኝ ደስታ እስከ ዛሬ አለ። የመንጃ ፈቃዴን ያገኘሁ ቀን እንኳ እንደዚያ ደስ አላለኝም።