በሁለት ዘመን የተቀረጸ ልደት

የሙት ዓመት ቪዲዮ አልወድም። ፎቶዎቹ እየተሽከረከሩ ይመጣሉ፣ ከበስተጀርባ ዋሽንት ይነፋል፣ በመጨረሻም ሟቹ በሕይወቱ ቆሞ አይቷት የማያውቃት ጀንበር ትጠልቃለች። ይህን አቋሜን ቤተሰቡ ሁሉ ያውቀዋል። የሟቹ ታናሽ ወንድሜ ሚስት ግን ከታኮማ ነድታ መጥታ የእሱን ካሜራና የራሷን አሮጌ ስልክ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች።

ዋሽንትም ጀንበርም አልፈለገችም። ልጃቸው የአባቷን ድምፅ እየረሳች ነው። ለእናቷ በእንግሊዝኛ ነግራታለች፤ ፊቱ ይታያታል፣ ሲናገር ግን አይሰማትም።

"ሲናገር የሚታይበት አንድ ቦታ ካገኘህ፣ ጋሼ፣ እሱ ብቻ ይበቃኛል" አለችኝ።

ችግሩ፣ ወንድሜ በየድግሱ ካሜራ ያዡ እሱ ነበር። በካሜራው ውስጥ ድምፁ አለ፣ ፊቱ የለም። በስልኩ ውስጥ ደግሞ ፊቱ አለ፤ ግን ከሩቅ ነው፣ በሙዚቃና በሰው ጫጫታ ተውጦ አፉ ሲንቀሳቀስ ብቻ ይታያል።

እሑድ እሑድ ከምሳ በኋላ፣ ቢከን ሂል ባለው አፓርታማዬ መጋረጃውን ዘግቼ ክሊፖቹን ኮምፒውተሬ ላይ መልቀም ጀመርኩ። ለእያንዳንዱ ስም እሰጣለሁ፤ የካሜራውን ሰማያዊ፣ የስልኩን ቢጫ ቀለም አደርግበታለሁ። ሥራው አሰልቺ ነው፣ በዚያ አልማረርም። ያልተመቸኝ የሰዎቹ ዓይን ነው። እናታችን ነጠላዋን እያስተካከለች ወደኔ ታያለች። ሬድመንድ ባለው መሥሪያ ቤቱ የሚሠሩ ጓደኞቹ ወደኔ እያዩ ይቀልዳሉ። ሚስቱ ወደኔ እያየች "በቃህ፣ ና ብላ" ትላለች። እሱ በቆመበት ቆሜ ለእሱ የተላከውን ፈገግታ ስቀበል ዋልኩ። በመናፍስት አላምንም፤ ቢሆንም ሁለት ሦስቴ ክሊፑን አስቁሜ ወንበሬን ወደ ጎን አሸሽቻለሁ።

የቪዲዮ ማቀናበሪያ ፕሮግራሙን በቀን ቅደም ተከተል እንዲደረድራቸው ሳዝዘው ነገሩ ባሰ። ሀገር ቤት ላሉት ዘመዶች እንዲላክ በራሱ ካሜራ የተቀረጸው ለቅሶው፣ በስልኩ ካለው ሠርጉ በፊት መጣ። ተቀበረ፣ ከዚያ ሙሽራ ሆኖ ጨፈረ። ልጅቷም ወላጆቿ ሳይጋቡ ቤቱን በዳዴ ዞረችው። በሥርዓት የሚሠራ ማሽን እንዲህ ያለ ነገር በእርጋታ ሲያቀርብልህ፣ ለጥቂት ጊዜ ስህተቱ የማሽኑ መሆኑን ትጠራጠራለህ።

የወንድሜ ሚስት ጋ ኮል አድርጌ ካሜራው ቀን እንደሚያዛባ፣ ምናልባትም እንደተበላሸ ነገርኳት። ሳቀች። ከቀብሩ ወዲህ ስትስቅ አልሰማኋትም ነበር።

"አልተበላሸም እኮ፣ ጋሼ። በኢትዮጵያ ነው የሞላው። ሰዓቱንም ጭምር። ለምን ስለው ምን አለኝ መሰለህ? 'ቀኔን ለሬድመንድ ሸጫለሁ፣ የልጄን ልደት ግን አልሸጥም።'"

ግትርነት በቤታችን በዘር የሚወርድ ነው፣ ስለዚህ አልፈረድኩበትም። ረገምኩት እንጂ። ዓመቱን መጨመር ቀላል ነበር፤ ቀኑ ግን እምቢ አለ። ካሜራው ጳጉሜን አያውቅም፣ ሁለተኛ ወሩ ሃያ ስምንት ቀን ስለሆነም ጥቅምት ሠላሳን አይቀበልም፤ ስለዚህ ቀኑ እያደር ከሁለቱም ዘመን አቆጣጠር ተንሸራቶ የማንም ያልሆነ ቀን ሆኖ ነበር። ሒሳቡን ትቼ በቀሚስ፣ በኬክና በልጅቷ የወለቁ ጥርሶች ማዛመድ ያዝኩ።

እንዲያ ሳደርግ ነው አንድ ሰማያዊና አንድ ቢጫ ክሊፕ የተገናኙት። ያው የልደት ቀን፣ ያው ሳሎን። እሱ ልጁን ይቀርጻል፤ ሚስቱ ከኩሽናው በር ላይ ሆና እሱን ትቀርጻለች። ፊቱና ድምፁ ስምንት ዓመት ያህል ተራርቀው ኖረዋል ማለት ነው። የካሜራውን ድምፅ ከስልኩ ምስል ሥር አስገባሁ። በሁለቱም ላይ ፊኛ የሚፈነዳበት ቅጽበት እስኪገጥም ድረስ ድምፁን ወደፊትና ወደኋላ ገፋሁት። ገጠመ። ወንድሜም ተናገረ። ተነሥቼ መጋረጃውን ከፈትኩ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ እናትና ልጅ መጡ። ልጅቷ ሶፋው ላይ እግሯን እያወዛወዘች፣ እኔ ቤት ለምን ጁስ እንደሌለ እናቷን በእንግሊዝኛ ትጠይቅ ነበር። ክሊፑን ከፈትኩት።

በስክሪኑ ላይ ወንድሜ ካሜራውን ከፍ አደረገ። "ወደኔ እዪ" አለ። "እንዳትንቀሳቀሺ፣ የኔ ቆንጆ። እንዳትንቀሳቀሺ።"

እግሯ ቆመ። እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ጀርባዋን አቀናች። ክሊፑ አልቆ ስክሪኑ ሲጠቁር እንኳ አልተነቃነቀችም፤ ዓይኗን ከስክሪኑ አልነቀለችም።

እናቷ ወደኔ ዞረች። "እንግዲህ… መነሣት እንደምትችል አንተ ንገራት" አለችኝ በሹክሹክታ።

 የኮምፒውተሩን ማውዝ ይዤ "በቃ፣ ተነሺ" የሚልበትን ክሊፕ መፈለግ ጀመርኩ። ሰማያዊዎቹን በሙሉ መጨረሻ መጨረሻቸውን ከፈትኩ። በሁሉም ካሜራውን የሚያጠፋው ይህን ከማለቱ በፊት ነበር።