እትዬ ዋልዝና የተተኮሰው አንሶላ

እትዬ ዋልዝ ወደ እኛ አገር ሲመጡ በሻንጣቸው ውስጥ ከልብስ ይልቅ ጫማ ይበዛ ነበር። ይህን ስም ያወጣንላቸው እኛ ተማሪዎቻቸው ነን። እናታቸው ያወጡላቸውን ስም ልንጠራ ስንሞክር ምላሳችን እየተሳሰረ አስቸገረን። እሳቸውም ስሙን ወደውታል። ዋልዝ ማለት ወንድና ሴት ተያይዘው፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እየተባለ ክፍሉን የሚዞሩበት ጭፈራ ነው። ከቋንቋችንም ቀድመው የያዙት እነዚህኑ ቁጥሮች ነው። አራት ላይ ሲደርሱ ግን እንቢ አሉ፤ ዋልዝ ውስጥ አራት የለማ። ብርቱካን ሲገዙ ሦስት፣ ሎሚ ሲገዙ ሦስት። ባለሱቁ አንድ ቀን፣ "እትዬ፣ አንዷን እኔ ልመርቅልዎት" ቢላቸው፣ "ተው ልጄ፣ ምቱ ይበላሽብኛል" አሉት።

መጀመሪያ ያገኙት ሥራ ላውንደሪ ቤት ልብስ መተኮስ ነበር። ካውያውን ገፋ ሲያደርጉ እግራቸው አብሮ ይሄዳል፤ ሳብ ሲያደርጉ አብሮ ይመለሳል፤ ኮሌታ ላይ ሲደርሱ ደግሞ ዞር ይላሉ። አጠገባቸው የምትተኩስ ሴት ሳታስበው ትከተላቸው ጀመር። ያቺ ሴት እኔ ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ሸሚዝ ስተኩስ የኖርኩ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ለዳንስ ስሟሟቅ ኖሬያለሁ።

ከዚያማ ማን ያቁመን። ባለቤቴን ጎትቼ አመጣሁት፣ ጎረቤቴም ባሏን፤ እንዲህ እንዲህ እያልን አንድ ክፍል ሞላን። ቅዳሜ ቅዳሜ ረፋዱ ላይ፣ ከሰዓት ሠሪው ሱቅ በላይ ባለችው የእንጨት ወለል ክፍል እንሰበሰባለን። ባለቤቴ የአውቶቡስ ሹፌር ስለሆነ ጥግ ላይ በደረስን ቁጥር ወገቤን እንደ መሪ አጥብቆ ይይዝና ሰፋ አድርጎ ይዞራል።

"አንተ ሰው፣ ሚስትህ ተሳፋሪ የላትም፤ ጠበብ አድርገህ ዙር" ይሉታል እትዬ።

"እትዬ፣ ያለ መስታወት ወደ ኋላ መሄድ አልለመድኩም።"

ጣጣው ግን መዞሩ ላይ አልነበረም። "አንድ" በተባለ ቁጥር ሁላችንም ወለሉን እንወቅጠዋለን፤ ባለቤቴማ ፍሬን የሚይዝ ነው የሚመስለው። ያኔ ከታች ባለ ፔንዱለም የግድግዳ ሰዓቶቹ ይቆማሉ፤ ሰዓት ሠሪው ደግሞ በመጥረጊያ እጀታ ኮርኒሱን ይደበድብልናል። በመጨረሻ አከራይዋ ዘንድ ሄዶ ስሞታ አቀረበ። እሷም ደረጃውን እያለከለከች ወጥታ፣ "አንድ ስሞታ ከተደገመ ቁልፌን ትመልሱልኛላችሁ" ብላን ወረደች።

ሌላ የእንጨት ወለል ያለው ክፍል ፈልገን አጥተናል፤ ሲሚንቶ ላይ እንድንደንስ ደግሞ ጉልበታችን አይፈቅድም። እትዬ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ሲቀመጡ ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነው።

"እኔ በዚህ አገር ዘመድ የለኝም" አሉ ጫማቸውን እያዩ። "ያለኝ ቅዳሜ ነው።"

ባለቤቴ ጠጋ ብሎ፣ "ጥፋቱ የእኔ እግር ነው፤ እኔ ልቅር" አለ። እትዬ ቀና ብለው ትክ ብለው አዩትና ከመቀመጫቸው ተነሡ።

"ያሳደገችኝ አክስቴ ዓይነ ስውር ነበረች። ዳንስ ያስተማረችኝም እሷ ናት፤ የምታርመኝ በጆሮዋ ነበር። እግሬ ከተሰማት ተሳስቻለሁ ማለት ነው። አንተ ደግሞ የትም አትሄድም።"

በሚቀጥለው ቅዳሜ ከላውንደሪው አሮጌ አንሶላዎች ይዘው መጡ። ሁሉም ተተኩሰው ወረቀት መስለዋል። ወለሉ ላይ አነጠፏቸውና ጫማችንን አስወልቀው፣ በካልሲ ላያቸው ላይ እንድንደንስ አዘዙን። አንሶላ የጨማደደ ሰው ክፍሉ ጥግ ወዳለው ካውያ ሄዶ ራሱ ይተኩሳል። ባለቤቴ ስንት ቅዳሜ ከእኔ ይልቅ ከካውያው ጋር እንደዋለ እሱና ፈጣሪው ያውቃሉ። ዛሬ ቤታችን ውስጥ ሸሚዝ የሚተኩሰው እሱ ነው፤ በዚህ በኩል አከራይዋ ውለታ ውላልኛለች።

እያደር እግራችን ቀለለ። አንድ ቅዳሜ አንሶላው ላይ ስንዞር ቆይተን ቁልቁል ብናይ አንድም የተጨማደደ ቦታ የለም። እርስ በርስ ተያየን፤ ለመሳቅም ፈራን። ልክ በዚህ መሀል በሩ ተንኳኳ። ሰዓት ሠሪው ነው፤ የሥራ መነጽሩ ግንባሩ ላይ ተሰቅሏል።

"በቃ፣ አለቀልን" አለ ባለቤቴ በጆሮዬ።

"አላችሁ እንዴ?" አለ ሰዓት ሠሪው፣ ካልሲያችንንና አንሶላውን እያፈራረቀ እያየ። "እኔ እኮ ለቃችሁ የሄዳችሁ መስሎኝ ነው።"

"አለን ወንድሜ" አሉ እትዬ። "ተሰማንህ?"

"ችግሩ አለመሰማታችሁ ነው፣ እትዬ። ሱቄ ያለው ሰዓት ሁሉ ብልሽት ነው፤ አንዱ ጠዋት ይላል፣ አንዱ ማታ። ምሳ መድረሱን የማውቀው የእናንተ ድብደባ ሲቆም ነበር። አሁን ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ጦሜን ነው የምውለው፤ ባለቤቴም ምሳው ቀዘቀዘ እያለች ትቆጣኛለች።"

እትዬ መጀመሪያ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ከዚያ ግን አልቻሉም፤ ግድግዳ እስኪደገፉ ድረስ ሳቁ። እኛማ ያንን ሁሉ ቅዳሜ ታፍኖ የቆየውን ሳቅ ለቀቅነው። ሰዓት ሠሪው ራሱ ነገሩ ገባውና መነጽሩን አውልቆ እንባውን ጠረገ።

"ስሞታውስ?" አልኩት።

"የቱ ስሞታ?" አለኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ትምህርቱ የሚያልቀው እንዲህ ነው። አንሶላዎቹ ይነሣሉ። ባለቤቴ ጫማውን አጥልቆ ወለሉ መሀል ይቆማል፤ ሹመቱን ያገኘው በእግሩ ነው። እትዬ እጃቸውን ከፍ አድርገው፣ "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት" ብለው ይቆጥራሉ፤ ትንሽ ያስጠብቁናል፤ ከዚያ ያንን ስንት ዘመን እንቢ ያሉትን ቁጥር እንደ ከረሜላ አፋቸው ውስጥ አገላብጠው፣ "አራት" ይላሉ።

ባለቤቴ ወለሉን ድው ያደርገዋል። ከታች ደግሞ የመጥረጊያው እጀታ ኮርኒሱን አንዴ ነካ ያደርጋል፤ ሰዓት ሠሪው ምሳውን ሊበላ ሄደ ማለት ነው።