ጉሎውን ማን ተከለው?

ልጅ ሳለሁ ጭሮ ውስጥ የእኛን ግቢ ከእትዬ ዘሃራ ግቢ የሚለየው የቁልቋል አጥር ብቻ ነበር። እኔና ልጃቸው ኑሪያ በአጥሩ ሽንቁር ስንሾልክ ስለምንውል የትኛችን የማን ልጅ እንደሆንን ለእንግዳ ሰው ግራ ነበር።

አንድ ዓመት ዝናቡ እንደጀመረ በእነሱ በኩል፣ ከአጥሩ ትንሽ ገባ ብሎ ጉሎ በቀለ። አንድ ሁለት ቢሆን ማን ልብ ይለው ነበር! ግን ገመድ ተይዞለት የተተከለ ይመስል ተሰልፎ ነው የበቀለው። በእኛ አገር ደግሞ ድንበር መግፋት ያማረው ሰው መጀመሪያ ተክል ይተክላል፣ ከርሞ «ድንበሬ ይሄ ነው» ይላል። ፍሬ የሚያፈራው ትልቁ ጉሎ ያለው ደግሞ እኛ ግቢ ስለሆነ እናቴ ተጠረጠረች።

«ዛሬ ጉሎ፣ ነገ አጥር! ወላሂ፣ እንዲህ ያለች ሴት መሆኗን አላውቅም ነበር!» አሉ እትዬ ዘሃራ፣ ሰፈሩ ሁሉ እየሰማ።

እናቴም የዋዛ አልነበረችም። «የእኔ እጅ ነክቶት ከሆነ ይቆረጥ!» ብላ መለሰች። በማግስቱ ሽንቁሩ በእሾህ ተደፈነ። ያኔ የመሬቱ ነገር ለእኔ ምኔም አልነበረም፤ ያጣሁት ኑሪያን ነው። ከአጥሩ ወዲያ ድምጿን እየሰማሁ መጫወት አለመቻሌ አንገበገበኝ፤ እራት እንኳ አልበላ አለኝ።

ነገሩ ለሽምግልና ወደ ጋሽ ሙሜ ሄደ። ጋሽ ሙሜ የሰፈራችን ልብስ ሰፊ ናቸው፤ መብራት በጠፋ ምሽት ኩራዛቸውን ለኩሰው፣ በከሰል ካውያ እየተኮሱ ለልጆች ተረት ይነግሩ ነበር። ቁጡ ስለነበሩ በተረቱ መሃል ያስነጠሰ ልጅ ሳይገሰጽ አያልፍም። የዚያን ምሽት ሁለቱ እናቶች ጋሽ ሙሜ በረንዳ ላይ ፊታቸውን አዙረው ተቀመጡ፤ እኔና ኑሪያም ከየእናታችን ጉያ ሆነን በስርቆት እንተያያለን። ጋሽ ሙሜ የካውያውን ክዳን ከፍተው ፍሙን እፍ እፍ አሉት፤ ጭሱ ዓይናችንን እያቃጠለን ፍርድ ስንጠብቅ እሳቸው ተረት ጀመሩ።

«ጉሎ ልጆቿ እግሯ ስር እየወደቁ፣ በጥላዋ ቀጭጨው ቀሩባት። ነፋስን ‹ውሰድልኝ› ብትለው ‹ይከብዱኛል› አላት። ወፍን ብትለምናት ‹መርዝ ናቸው፣ ተይኝ!› ብላ በረረች። ኋላ ጉንዳን መጣች። ጉሎ መች ሞኝ ናት! የልጆቿን አናት ቅቤ ቀባችና ‹ቅቤውን ብዪ፣ ልጄን ግን ደጅሽ ጣዪልኝ› አለቻት።»

«ታዲያ ይሄ ከእኛ ጋር ምን አገናኘው?» አሉ እትዬ ዘሃራ።

«ጠዋት አጥሩ ስር ቁጭ በሉና እዩ! እናንተም፣ ኢጆሌም!» ብለው ጋሽ ሙሜ ተቆጡ። ኢጆሌ የሚሉን እኛን ልጆቹን ነው።

በነጋታው አራታችንም በየግቢያችን አጥሩ ስር ቁጢጥ አልን። መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ኋላ አንዲት ጉንዳን ራሷን የሚያክል፣ ኧረ የሚበልጣት ዥንጉርጉር የጉሎ ፍሬ እየጎተተች ከእኛ ትልቅ ጉሎ ስር መጣች። ሌሎችም ተከተሏት። በእሾሁ ስር ሾልከው፣ መስመራቸውን ሳይስቱ ወደ እትዬ ዘሃራ ግቢ ገቡ። በዚያው መስመር ዳር ደግሞ፣ ቅቤ የተባለው ጫፋቸው ተግጦ የተጣሉ ፍሬዎች ከበቀሉት ጉሎዎች ጎን ወድቀው ነበር።

እትዬ ዘሃራ «ሱብሃነላህ! ለካ ድንበር ገፊዋ ይቺ ናት!» ብለው ጣታቸውን ወደ ጉንዳኗ ቀሰሩ። እናቴ መሬት ላይ ዝርፍጥ ብላ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች፤ እትዬ ዘሃራም እየሳቁ እሾሁን በገዛ እጃቸው ይነቅሉት ጀመር። ኑሪያ ግን ተነቅሎ እስኪያልቅ መች ጠበቀች! ጉንጯ ተጭሮ፣ ቀሚሷ ተቀዶ መጥታ ተጠመጠመችብኝ።

ከዚያ ወዲህ ንጉሥም ጅብም ያለበት ስንት ተረት ሰምቻለሁ። ከልቤ ሳይወጣ የኖረው ግን ያ የጉሎና የጉንዳን ተረት ነው፤ ሌላው ተረት ሲያልቅ ወደ መኝታዬ ሄድኩ፣ ያኛው ሲያልቅ ግን ጓደኛዬ ተመለሰችልኝ።