ሁሉም የሚያውቀው የአፌ ሽታ

አንባቢዬ፣ ስታወራ ሰው ፊቱን ዘወር ሲያደርግብህ አጋጥሞህ ያውቃል? እኔ አጋጥሞኛል፤ ጣሊያን አገሩን በያዘ ዘመን፣ መተማ ወርጄ የነጋዴ ልጆችን ፊደል ማስቆጠር በጀመርሁበት ዓመት።

መጀመሪያ ጠዋት ጠዋት አፌ ይመረኝ ነበር። ቀጥሎ ከኋላ በቀኝ በኩል ድዴ ይደማ ጀመር። ሽታውን ግን አላወቅሁም፤ ሰው የገዛ አፉን ሽታ ስለሚለምደው አይሰማውም።

ውበቱ አብሮ አደጌ ነው። ከጎንደር አብረን ወርደን አንድ ቤት ተከራይተን ከአንድ ገበታ እንበላ ነበር። ከፋሲካ በኋላ ለብቻው መብላት ጀመረ።

«ምነው?» አልሁት።

«ጾም ይዣለሁ።»

«በበዓለ ሃምሳ?»

«የስለት ነዋ! አንተ ደግሞ መምህር ነኝ ብለህ ሁሉን ትመረምራለህ» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

በዚያው ሰሞን አለሚቱ የምትባል ልጅ እንዲጠይቁልኝ ሽማግሌ ላክሁ፤ ውበቱም አንዱ ነበር። እምቢ ተባልሁ። ምክንያቱን የሚነግረኝ ቢጠፋ አባቷን ራሴ ጠየቅኋቸው።

«ልጄ፣ አትቀየመኝ» አሉ። «አፉ ይሸታል፣ እኔ እንኳ አብሬው መብላት ትቻለሁ ያለን ጓደኛህ ነው።»

ወደ ቤት ሄድሁ።

«ለምን ለእኔ አልነገርኸኝም?» አልሁት ውበቱን።

«እንዴት ብዬ? አፍሬ ነዋ!»

እነሱ ዘንድ ግን አላፈረም። በማግስቱ ቤት ቀየርሁ።

ሽታው ከሆድ ይመጣል ብዬ ኮሶ ጠጣሁ። አልለቀቀኝም። ወር ሳይሞላ ደገምሁት። ደከምሁ። በዚያ ሙቀት አፌ ደረቀ። ሽታው ባሰ።

በመጨረሻ ድንበሩን ተሻግሬ ገላባት፣ አንድ ሱዳናዊ ሐኪም ዘንድ ሄድሁ። ኮሶ መጠጣቴን ነገርኋቸው። አፌን በትንሽ መስተዋት አይተው፣ «ሆድህ ምን በደለህ?» አሉኝ። «አንዱ መንጋጋህ በስብሷል። አንተ የምትፍቀው ሰው የሚያየውን ጥርስ ብቻ ነው።»

እውነት ነበር። ለተማሪዎቼ ምሳሌ ልሁን ብዬ የፊት ጥርሴን በየቀኑ እፍቃለሁ፤ የኋላው መፋቂያ ነክቶት አያውቅም።

ጥርሱን ነቀሉት። ከዚያ ወዲያ ቁስሉ እስኪጠግግ ለብ ባለ የጨው ውሃ እየተጉመጠመጥሁ፣ ውሃ ቶሎ ቶሎ እየጠጣሁ፣ የመፋቂያዬን ጫፍ አኝኬ አለስልሼ እስከ መጨረሻው መንጋጋ እየፋቅሁ፣ ምላሴንም ከሥሩ ጀምሬ በንጹሕ ጨርቅ እየጠረግሁ ሳምንታት ቆየሁና ድዴ መድማቱን ተወ፤ የአፌም ምሬት ጠፋ።

ወደ አለሚቱ አባት ተመለስሁ። ፊታቸውን ወደ ፊቴ አስጠግተው፣ «በል እስቲ፣ ሀ ሁ በልልኝ» አሉ። እስከ ሆ ደረስሁ። አልሸሹም።

«ሽማግሌ ላክ» አሉ። «ያን ጓደኛህን ግን እንዳትጨምር!»

አልጨመርሁም። እውነቱን ፊት ለፊት ለነገሩኝ ለሐኪሙና ዛሬ አማቴ ለሆኑት ሰው ምስጋናዬ አያልቅም። ውበቱን ሳገኘው ሰላም እለዋለሁ፤ ከአንድ ገበታ ግን እስከ ዛሬ አልቀረብንም።

አንተም ዛሬውኑ ሞክር። ምላስህን ከሥሩ በንጹሕ ጨርቅ ጠርገህ ጨርቁን አሽትተው። ከዚያ የምታምነውን አንድ ሰው ጠርተህ እፍ በልበት፤ እውነቱን ለሌላ ሳይሆን ለአንተው እንዲነግርህ ለምነው።